ከሰብለ ጋር ነኝ፣ አትጥሩኝ

ክረምት በአቃቂ ለልብ ወለድ አንባቢ የተሠራ ወቅት ይመስለኛል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲወቅጠው የጎረቤት ቴሌቪዥን አይሰማ፣ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጡሩምባ አይሰማ፣ ጭቃውን ንቆ የሚመጣ እንግዳም የለ። እኔም በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ የፍቅር መጻሕፍቴን ከሣጥን አወጣለሁ። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ከዚሁ ጋር አጋጠምኩና የሳምንቱን ዕቅድ አወጣሁ፤ በፍቅር እስከ መቃብር ልጀምር፣ በሰመመን ልቀጥል፣ በኦሮማይ ልጨርስ። ሦስቱንም ከዚህ በፊት አንብቤያቸዋለሁ። የፍቅር መጽሐፍ ግን መጨረሻው ሲታወቅ ነው ይበልጥ የሚጥመው። ምን ይሆኑ ይሆን የሚለው ጥድፊያ ስለሚቀር ሰው በየገጹ አረፍ እያለ ያነባል።

ዕቅዱን ለጎረቤቶቼ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ረፋድ ላይ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለወንጌልን ማስተማር የጀመረበት ቦታ ደርሻለሁ። ከመጽሐፉ ሁሉ ለዚህ ክፍል አደላለሁ። ልጁ በወላጆቹ ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ሚስት ማግባት አልተጻፈለትም። ልጅቷ ደግሞ የሚመጥናት ባል ከሰማይ በታች አልተገኘም ተብሎ ዕድሜዋ በአባቷ ቤት የሚያልፍ ናት። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው ንባብ ነው፤ እሱ ያስተምራል፣ እሷ ትማራለች፣ መጽሐፉ በመካከላቸው ተዘርግቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም ሲያወጡ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ብዙ የሚሉት ነበራቸው፤ ብለውታልም። ለእኔ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የዚያችን የመማሪያ ሰዓት ያህል የሞቀ ቦታ የለም። መምህሩ ይፈራል፣ ተማሪዋ ፍርሃቱ ገብቷታል፣ አንዳቸውም አይናገሩም።

"ልጄ፣ አለሽ?"

የግቢያችን ትልቅ ሴት ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

"አቤት እማማ፣ ይግቡ።"

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያነበብኩ ነው።"

"እሰይ! ሥራ ካልያዝሽማ ነይ ይህን ምስር እንልቀመው። ፍልሰታ ደርሶ የለ።"

ይህቺ "ሥራ ካልያዝሽማ" የእማማ ብቻ አይደለችም፤ የአገሩ ሁሉ ናት። ባለቤቴ ቅዳሜ ጋዜጣውን ዘርግቶ ሲቀመጥ ልጆቹ "አባባ እያነበበ ነው" ተባብለው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ልጄ ደብተር ከያዘ እያጠና ነው ይባልና ሱቅ የሚላክ ሰው ይጠፋል። ዳዊት ለሚደግም ሰውማ ሰላምታ እንኳ ሳይመልስ ቢቀር የሚቀየመው የለም። የፍቅር ልብ ወለድ የያዘች ሴት ግን እጇ ባዶ ነው፤ ምስር ሊሰጧት፣ ሕፃን ሊያስይዟት፣ ወተት እንዳይገነፍል ጠብቂልን ሊሏት ይቻላል።

ምስሩን ለቀምኩ። እማማን እምቢ የሚል ሰው በእኛ ሰፈር ገና አልተወለደም።

ጄን ኦስተን የምትባለው እንግሊዛዊት ደራሲ ልብ ወለዶቿን የጻፈችው እንዲሁ ሰው ሲገባ ሲወጣ በሚውልበት የጋራ ክፍል ውስጥ ነበር። የወንድሟ ልጅ ስለ እሷ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሰው ሲመጣ ቶሎ የሚሸፈኑ ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ትጽፍ ነበር። አንደኛው በር ሲከፈት ሲጢጥ ይል ነበርና እንዳይጠገን ከለከለች፤ እንግዳ መምጣቱን የሚያስጠነቅቃት እሱ ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ዘይት እናስቀባው የሚል ሰው ሲነሣ "ተዉት፣ ገና ምንም አልሆነ" እላለሁ። ለውጭ እንግዳ ያገለግላል። እማማ ግን ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ስለሆነ በር አያስፈልጋቸውም።

ማታ ማታ ደግሞ ውኃ አለ። አለ ስል ይመጣል ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ብዙው ከዚህ ከአቃቂ ምድር የሚሳብ ነው፤ ከእግራችን ሥር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ከተማው ይሄዳል። እኛ ቤት የሚደርሰው ግን በፈረቃ ነው፣ እሱም ሰው በተኛበት ሰዓት። መጀመሪያ ቧንቧው ያንኮራፋል፣ ከዚያ አንድ ሰው "ውኃ መጣ!" ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ጀሪካኑ ሁሉ ይንኳኳል። ረቡዕ ሌሊት በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰመመንን ይዤ በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

የሲሳይ ንጉሡን መጽሐፍ ያነበበ ያስታውሳል፤ አቤል ትዕግሥትን ይወዳታል፣ ልቡ የያዘውን ግን አፉ አያወጣውም። በልጅነቴ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት ከሰፈራችን ሱቅ ተከራይቼ ነው። መያዣ ይሰጣል፣ በቀን ሒሳብ ይከፈላል፣ ገጹ ላይ ካለፈው ተከራይ የቀረ እንባ ይሁን ወጥ ያልታወቀ ምልክት ይገኛል። የኪራዩ ቀን እንዳይበዛ ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ የሚያነብ ነበር፤ የአንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ስለሚመጡ ደግሞ ማን ማንን እንዳገባ ከሌላ ተከራይ ይጠየቅ ነበር። ያኔ ለአቤል አለቀስኩ። አሁን ጀሪካን እየቀያየርኩ "ንገራታ፣ አንተ ልጅ!" እለዋለሁ።

ይሁንና ልፈርድበት አልችልም። የት አግኝቶ ይንገራት? በዩኒቨርሲቲ ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ዶርም ቢሉ ሰው አለ፣ ካፌ ቢሉ ሰው አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ቢሉ ጸጥ ያለ ሰው አለ፣ እሱም ይባስ። የእኛ ፍቅረኞች ችግር ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም፤ ቦታም የላቸውም። በፈረንጅ ልብ ወለድ ውስጥ ወንድና ሴት የአትክልት ቦታ ይዘዋወራሉ፣ በሠረገላ ይሄዳሉ፣ ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ክፍል ሞልቷል። የእኛው ደራሲ ሁለቱን ለብቻቸው ሊያገናኝ ሲያስብ መጀመሪያ አስተማሪ መቅጠር፣ ወይም ዘመቻ ማወጅ፣ ወይም የመነኩሴ ልብስ አልብሶ ማስኮብለል አለበት።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ግቢው ሁሉ እማማ ቤት ይሰበሰባል፤ ከሰል አይጠፋቸውም፣ ቡናም ይፈላል። እኔም መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። ለማንበብ አይደለም፤ እጄ ለመደው።

"የምን መጽሐፍ ነው እንዲህ ቤት የዘጋብሽ?" አሉኝ እማማ።

"ከዚህኛው በፊት እንኳ የነበዛብህን ነበር የያዝኩት።"

"የሰብለን? እሱንማ ሰምቼዋለሁ እኮ! በሬዲዮ።" ረከቦቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ሰውዬ ሲያነበው... ፊታውራሪውን ሲሆን ፊታውራሪ፣ እሷን ሲሆን እሷን። ስሙ ማን ነበር?"

"ወጋየሁ ንጋቱ።"

"ነፍሱን ይማር። እንዴት አድርጎ እንዳስለቀሰን።"

እማማ ማንበብ አይችሉም። በዛብህን ግን ከእኔ እኩል ያውቁታል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" የሚባለው ዝግጅት በሚተላለፍበት ሰዓት ሬዲዮ ያለው ቤት በራፉ ላይ ሳይቀር ሰው ይቀመጥ እንደነበር፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ሳይበላ ቆሞ ይሰማ እንደነበር፣ የሚያወራ ልጅ ቁንጥጫ ይቀምስ እንደነበር ነገሩን። እዚህ ላይ ስለ ሰፈሬ ትንሽ ልኩራራ። የአገራችን የሬዲዮ ድምፅ የተነሣው ከዚሁ ከአቃቂ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም የተናገሩት በአቃቂው ጣቢያ በኩል ነበር። ጣቢያውን የሠራው ደግሞ የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ታሪክም አንዳንዴ ይቀልዳል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእማማን ጨዋታ እየሰማሁ አንድ ነገር ገባኝ። እኒህ ሴት የፍቅር ታሪክ አይንቁም። ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ የሰብለን እንባ ሲያዳምጥ ማንም ማንንም "ሥራ ካልያዝሽማ" አላለም። ታሪኩ ያው ነው፣ ፍቅሩም ያው። የተለየው እኔ ብቻዬን መያዜ ነው። በሬን ገርበብ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እነሱ ከማያዩአቸው ሰዎች ጋር መዋሌ ነው ቅር የሚያሰኛቸው። ብቻውን የተቀመጠ ሰው በእኛ ግቢ ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ደብቆ የሚበላው ነገር አለ። ስለዚህ ይጎበኛል።

በእማማ ላይ ለዚህ አልፈርድም፤ ያለ እሳቸው ጉብኝት ስንቱን የጨለማ ቀን ባልተሻገርኩት። የምቀየመው የተማሩትን ነው። እነሱም ሁለት ሰው ለብቻው አይተዉም። ስለ ፍቅር እስከ መቃብር የሚጻፈውን ሁሉ እዩ፤ በየመድረኩ የሚጠቀሰው ጉዱ ካሳ ነው፣ የሚተነተነው የፊውዳሉ ሥርዓት ነው። ሰብለና በዛብህ የሥርዓቱ ምሳሌ ለመሆን ብቻ የተወለዱ ይመስል፣ ሁለቱ ፈገግ ባሉ ቁጥር አንድ ሐያሲ በመካከላቸው ይቀመጣል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ባሳተሙት በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ጦቢያ ወንድ መስላ አገር ያቋረጠች ልጃገረድ ናት፤ ወንድ መስላቸው ልባቸው የተሰረቀ ሴት ሳይቀር በታሪኩ ውስጥ አሉ። ትምህርት ቤት ግን የተማርነው ስለ ደራሲው ቋንቋና ስለ መጽሐፉ የበኩርነት ክብር ነው። ልጅቷን አስተማሪያችን አላስተዋወቁንም።

በኦሮማይ ደግሞ ይብሳል። ወንዶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ኦሮማይ ካወሩ የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለ ሥልጣን እንደሆነ ሲከራከሩ ምሳ ሰዓት ያልቃል። የቀይ ኮከብን ዘመቻ ያነሣሉ፣ ናቅፋን ያነሣሉ፣ ስብሰባውን ያነሣሉ። እኔ ይህን መጽሐፍ የማነበው ለፊያሜታ ጊላይ ስል ነው፣ ማንም ይስማው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ከዘመቻው ጋር አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። በዚያ ሁሉ መመሪያና የጦር ካርታ መካከል ያለ ልኩ የሚደሰት፣ ያለ ልኩ የሚፈራ፣ በሁለት ሴት መካከል የሚዋልል አንድ ወንድ አለ። በዓሉ ግርማ ፖለቲካውን ብቻ ሊጽፍ ቢፈልግ ኖሮ ሪፖርት መጻፍ አያቅተውም ነበር፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሹም ነበር። ልብ ወለድ የጻፈው ሪፖርት ፊያሜታን መያዝ ስለማይችል ይመስለኛል።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም ከቤቱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ፣ ሰው አልባ ቆማ ተገኘች። ቀኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የፍቅረኞች ቀን ነበር፤ ያኔ በአዲስ አበባ ቀኑን የሚያከብረው ሰው ብዙ አልነበረም፣ አሁን ቀይ አበባ ይሸጥበታል።

ዓርብ ዕለት ከሳሪስ ስመለስ ኦሮማይ ጭኔ ላይ ነበር። ታክሲው በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ በላዩ የከተማ ባቡር መጥቶበታል፣ ግራና ቀኙ መጋዘንና ጋራዥ ነው። በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው፤ የበዓሉ መኪና የት ላይ እንደቆመች የሚናገር ምንም ምልክት ግን አይቼ አላውቅም። ከኋላዬ አንድ ሰው በስልክ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይጨቃጨቃል። ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "እናቴ፣ ሒሳብ!" አለኝ። ከፈልኩ። ገጹ ጠፋብኝ።

ኦሮማይ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል። ፊያሜታ ከአዳዲስ አንባቢዎች ጋር ትተዋወቃለች ማለት ነው። እነሱ እንኳ ጨዋታዋን ሳያቋርጡ ይስሟት።

ሥራ ፈት ማን እንደሆነ ሲነሣ ደግሞ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ነቢይ መኮንን ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ያ ወፍራም የፍቅርና የጦርነት መጽሐፍ እጁ ገባ። ለእስረኞቹ በቃል ተረከላቸው፤ ከዚያ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው፣ ወረቀቱም በየጊዜው ተደብቆ ወጣ። በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። እስቲ አስቡት። በዚያ ቤት የታሰረው አብዛኛው የፖለቲካ ሰው ነው፤ ለዓላማው ሕይወቱን የሰጠ። ወረቀት እንደ ወርቅ ይቆጠራል፣ ከተያዘም መዘዙ ከባድ ነው። ያን ወረቀት ለመግለጫ አላዋሉትም፤ ስካርሌት ኦሃራ ቀጥሎ ማንን ታገባለች ለሚለው ነገር አዋሉት። ብቻ መሆን ፈጽሞ በማይቻልበት ክፍል፣ እግር በእግር ላይ ተደራርቦ በሚታደርበት፣ ሁሉም የየራሱን ስካርሌት ይዞ ይተኛ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ የዕድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ለጥሩምባ መጽሐፍ ይዘጋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እንደ ወትሮው ወንዶቹ ካርታ ያዙ፣ ሴቶቹ ንፍሮና ሻይ አደረስን። ከጥግ አንዲት ወጣት የሟች ዘመድ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ሥር የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አየሁ። ሻይ ስሰጣት ጠጋ ብዬ ምን እንደምትሰማ ጠየቅኋት።

"ትረካ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "የፍቅር። እማዬ መዝሙር ነው የሚመስላት፤ እንዳይነግሩብኝ።"

አልነገርኩባትም፤ እንዲያውም ቀናሁባት። የወጋየሁ ልጆች አሁን በስልክ ውስጥ ናቸው፤ ዩቲዩብና ቴሌግራም በትረካ ተሞልተዋል። እናቶቻቸው ለሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሬዲዮ የሰሙትን እነዚህ ልጆች ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ለብቻቸው ይሰሙታል። ቤታችን የነፈገንን ብቸኝነት ሁለት ትንንሽ ጉትቻ የሚያህሉ ነገሮች ሰጧቸው። ደራሲው ከትረካው ምን ያህል ያገኛል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በአብዛኛው መልሱ ምንም ነው፣ ይህም ያሳፍራል። ልጅቷን ግን በለቅሶ መሐል የፍቅር ትሰማለች ብሎ የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ ከጎኗ ነኝ። ሐዘኑን የሚያቀሉት ካርታ ተጫዋቾቹ ከሆኑ፣ እሷም በራሷ መንገድ እያቀለለች ነው።

ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ኦሮማይ ሁለት ምዕራፍ ይቀረዋል፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ዓምድ የሚያነብላቸው ሰው ካገኙ እንዲህ ይበልልኝ፦ ለቅሶ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት እመጣለሁ። ውኃ ከመጣም ጩኹ፣ እሰማለሁ። ስብሰባ ከሆነ ባለቤቴ ይሄዳል፣ ጋዜጣውን ጨርሷል። ምስሩን ግን እማማ በልጄ ይላኩልኝ፤ ፊያሜታን ሸኝቼ ማታ እለቅመዋለሁ።